ጋዝና ብናኝ አንድ ላይ ሲተነፈሱ

በማገዶ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ጭስ አንድ ነገር አይደለም። ጥላሸቱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ዓይን የሚያቃጥለው ፎርማልዲሃይድ በአንድ ትንፋሽ ይገባሉ። የመርዛማነት ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ነጥሎ ነው የሚፈትነው። እኔ ይህ አይበቃም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም የሜሪ አምደር ሥራ ነው።

እኚህ አሜሪካዊት ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ጊኒ ፒጎች ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ እንዲተነፍሱ አደረጉ፤ የአየር ቧንቧቸው ጠበበ። የገበታ ጨው ብናኝ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ ግን ጥበቱ ጋዙ ብቻውን ካመጣው በለጠ። ጋዙ በውሃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው እርጥብ አፍንጫ ላይ ይቀራል፤ ደቃቅ ጠብታ ውስጥ ከሟሟ ግን ጠብታው ተሸክሞት ወደ ሳንባ ይዘልቃል።

እንዲህ ያለውን የጋዝና የብናኝ ድብልቅ ለመሥራት የጨው ውሃ ለአስም ሕሙማን በሚያገለግለው ዓይነት ኔቡላይዘር በታመቀ አየር ይበተናል። ጠብታው እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል መካከል አልፎ ይደርቃል። የጨው ውሃው ከቀጠነ የሚቀረው ብናኝም ያንሳል። አዲስ የተበተነ ብናኝ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚይዝ ቱቦው ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ቻርጁን በሚያስወግድ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል። ጋዙ ከሲሊንደር ተለክቶ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ እርጥበት ወሳኝ ነው፦ የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ደረቁ ጨው መልሶ ጠብታ ይሆናል፤ ጋዙንም ይስባል። በደረቅ አየርና በእርጥብ አየር የተሠራ ድብልቅ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም፣ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ድብልቁን የሚሠራው ማሽን ላይ የሚታየው ቁጥር ብቻውን አያሳምነኝም። የአየሩ ናሙና እንስሳው በሚተነፍስበት፣ አፍንጫው አጠገብ መወሰድ አለበት፤ ብናኙን የሚይዘው ማጣሪያ ከናሙናው በፊትና በኋላ ይመዘናል፣ ብናኙም በትልቅነቱ ደረጃ በደረጃ ይለያል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) የትንፋሽ መርዛማነት ምርመራ መመሪያ 403 የብናኙ ክምችት ከአማካዩ ከ20 በመቶ፣ የጋዙ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይጠይቃል። በድብልቅ ሙከራ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መጠበቅ ግድ ነው፤ አድካሚው ሥራም ይኸው ነው።

እንስሳቱ በአራት ቡድን ይከፈላሉ፦ ንጹሕ አየር፣ ጋዝ ብቻ፣ ብናኝ ብቻ፣ ሁለቱ አንድ ላይ። አንዱ ቡድን ከጎደለ ጉዳቱ ከጋዙ ይምጣ ከድብልቁ መለየት አይቻልም፤ እንስሳቱም በከንቱ ተሠቃዩ ማለት ነው።