ያገለገለ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ከመስመር ጋር ከመገናኘቱ በፊት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት የቀረበ ንግግር)



የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ማጠጣት ከአባቶቹ የወረሰው ሙያ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ መስኖ ከተስፋፋ ወዲህ ግን የብዙው ሰብል ዕጣ በሞተር ላይ ወድቋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት አካባቢው ብዙ ንብረት አጥቷል። ስለሆነም አዲስ ለመግዛት አቅም ያጠረው ማኅበር ያገለገለ ሞተር ቢፈልግ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ስድስት የሽቦ ጫፍ ተንጠልጥሎ፣ ምልክቱ ጠፍቶ የመጣን ሞተር «እስቲ ይሞከር» ብሎ ከመብራት ጋር ማገናኘት ነው። ሽንኩርት ውኃ በሚጠማበት ሳምንት የተቃጠለ ሞተር ኪሳራው በሞተሩ ዋጋ ብቻ አይቆምም።

እዚህ የሚነገረው ከመሬት በላይ ስለሚሠሩ የፓምፕና የወፍጮ ሞተሮች ነው። በሞተሩ ውስጥ ሦስት ጥቅል ሽቦ አለ፤ እያንዳንዱም መጀመሪያና መጨረሻ አለው። መጀመሪያዎቹ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብሊው1፣ መጨረሻዎቹ ዩ2፣ ቪ2፣ ደብሊው2 ይባላሉ። በቆዩ ሞተሮች ላይ መጨረሻዎቹ ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ተብለው ይገኛሉ።

ጥንዶቹን መለየት ቀላል ነው። መልቲሜትር በኦም ላይ ተደርጎ ሲነካካ እርስ በርስ የሚያነቡት ሁለት ጫፎች የአንድ ጥቅል ናቸው። የሦስቱ ጥንዶች ንባብ ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንዱ ጥንድ ከሌላው ጋር ወይም ከሞተሩ ብረት ጋር ካነበበ ሞተሩ አይገዛም። ይህ ፍተሻ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ሻጩ ፊት ሊደረግ የሚችል ነው። በ500 ቮልት ሜገር ሲለካም ከ1 ሜጋኦም በታች ካሳየ ሳይደርቅ ወይም እንደገና ሳይጠቀለል መብራት ሊነካው አይገባም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መጀመሪያውን ከመጨረሻው በመለየት ላይ ነው። ለዚህ አንድ ባትሪ ድንጋይና መርፌ ያለው ሜትር ይበቃል። ከአንዱ ጥንድ የተፈለገው ጫፍ ዩ1 ተብሎ ይሰየምና ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ዩ2 ደግሞ ከኔጌቲቭ ጋር እንዲነካ ይዘጋጃል። ሜትሩ በትንሹ የዲሲ መለኪያ ላይ ሆኖ በሌላው ጥንድ ላይ ይያዛል። ባትሪው በተነካበት ቅጽበት መርፌው ወደ ፊት ከዘለለ፣ የሜትሩ ጥቁር ገመድ የያዘው ጫፍ መጀመሪያ ነው፤ ወደ ኋላ ከዘለለ ቀዩ የያዘው ነው። ባትሪው ሲለቀቅ መርፌው በተቃራኒው ስለሚዘል ያ አይቆጠርም። በዚያች ቅጽበት ባዶ ሽቦ የያዘ እጅን ነዘር ሊያደርገው ስለሚችል የተሸፈነውን ክፍል መያዝ ነው። ሦስተኛውም ጥንድ በዚሁ መንገድ ይለያል። አንድ ጥቅል ተገልብጦ ከታሰረ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ አቅም ያጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስታር ወይስ ዴልታ የሚለው ነው። በአገራችን በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ኃይል 380 ቮልት ነው። ሰሌዳው 220/380 የሚል ሞተር በስታር ብቻ ይታሰራል፤ ማለትም ሦስቱ መጨረሻዎች ባንድነት ይጠመዱና መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ይገባል። በዴልታ ቢታሰር 220 ቮልት የሚችለው ጥቅል 380 ስለሚደርስበት ይቃጠላል። 380/660 የሚለው ግን ዴልታ ነው፤ ዩ1 ከደብሊው2፣ ቪ1 ከዩ2፣ ደብሊው1 ከቪ2 ይገናኛሉ። ይህኛው በስታር ቢተው የሚያስነሳው ጉልበት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሰሌዳ የሌለውን የሽቦዎቹ ብዛት ብቻ አይናገርለትም፤ ጥቅሉን የሚያውቅ የሞተር ጠጋኝ አይቶት ይወስን።

የመጨረሻው እስር በኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የመሬት ሽቦው ተገናኝቶ፣ ኦቨርሎዱም በሰሌዳው አምፔር ልክ ተስተካክሎ ይሁን። አንድ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያድነው ይኸው ነው። ሞተሩ ከፓምፑ ሳይጣመር ለአፍታ ተነስቶ የሦስቱ መስመሮች አምፔር ተቀራራቢ መሆኑና አዟዟሩ ይታይ። አቅጣጫው ከተገላበጠ መብራቱ ጠፍቶ ከሦስቱ የመስመር ሽቦዎች ማናቸውም ሁለቱ ይቀያየራሉ። ወደ ኋላ የሚዞር ፓምፕ ጥቂት ውኃ መግፋቱን ስለማይተው፣ ይህ ሳይታይ ከቀረ ጉድጓዱ ያለጥፋቱ ደረቀ ተብሎ ይታማል።