ፀሐይ፣ ብልጭታና በርበሬ
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)





አዘጋጆቹ ስለ ንግድ ተናገር ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ወጣት በቅርቡ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልስ መስጠቱን መረጥሁ። ልጁ፣ «በብልጭታ ብርሃን የምግብ መርዝ የሚያጠፋ መሣሪያ ተሠርቷል አሉ፤ በርበሬያችንን በእሱ ብናሳልፈውስ?» ነበር ያለኝ። በዚህ ጉዳይ የቆየ ዕዳ አለብኝ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ብዙዎቻችሁ ሱቅ ዐረቢ ከነበረው ሱቄ በርበሬና ሽሮ ገዝታችኋል። ከዓመታት በፊት በአንድ ኸሪፍ ጣሪያዬ አፈሰሰና አንድ ጆንያ ዛላ በርበሬ ረጠበብኝ። ስፈታው ሻግቷል። ሰገነት ላይ አሰጣሁት። የካርቱምን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ በሁለት ቀን ደረቀ፣ ሽታውም ጠፋ። ከደህናው ጋር ቀላቅዬ አስፈጨሁት። አንዲት እናት፣ «ወንድሜ፣ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ፀሐይ የመታው ምን ይሆናል እትዬ!» ብዬ መዘንሁላቸው። የገዙት ለልጆቻቸው ነበር።

ያን ጊዜ የዋሸሁ አልመሰለኝም። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ መናገሬ ግን ጥፋት ነው።

ሻጋታ ዓይን የሚያየው ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። ሻጋታው ቢደርቅ፣ ቢራገፍም መርዙ ይቀራል። ሽታ የለውም። ለመፈራረስ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚፈልግ በወጥ እሳት አይጠፋም። ለረጅም ጊዜ የተበላ እንደሆነ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሲበዛ ፈጥኖ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያ በሻገተ በቆሎ 125 ሰዎች ሞተዋል።

የእኛም ጓዳ ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከአዲስ አበባ ሱቆችና ገበያዎች 120 የበርበሬ ዱቄትና የሽሮ ናሙናዎች ተወስደው ነበር። አፍላቶክሲን በ8 የበርበሬና በ5 የሽሮ ናሙናዎች ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አይፈቅድም። በነጋዴ ሒሳብ ይህ በ1,000 ኩንታል ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በዓይን ለመለየት ማን ይችላል?

አሁን ወደ መሣሪያው ልመለስ። ወሬው እውነት ነው። መሣሪያው ዜኖን የሚባል ጋዝ ያለበት መብራት አለው። ኤሌክትሪኩ ይጠራቀምና በቅጽበት ይለቀቃል፤ ልክ እንደ ፎቶ ቤት ፍላሽ። ነገር ግን ከፍላሽ እጅግ ይበረታል፤ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረርም በብዛት አለበት። ጨረሩ መርዙን ሲያገኘው ሰባብሮ ጉዳቱ ወደቀነሰ ነገር ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ያልተፈለፈለ ሩዝ ለ80 ሰከንድ ሲበራበት ከዋናው አፍላቶክሲን 75 በመቶው ጠፍቷል።

ደስ ይላል። ግን አራተኛው እጅ ቀርቷል። ብርሃን የሚሠራው ባረፈበት ላይ ብቻ ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1996 ይህን ብልጭታ ለምግብ ስትፈቅድ፣ የፈቀደችው በምግብ ገጽ ላይ ያሉትን ጀርሞች ለመግደል ነው። ዛላ በርበሬ ደግሞ የሚሻግተው ከውስጥ፣ ከፍሬው ዘንድ ነው። የዱቄት ክምርም ቢሆን ጨረሩን ከላይ ያስቀረዋል። የእኔም ፀሐይ እንዲሁ ነበረች፤ ላይ ላዩን አድርቃ፣ መርዙን ለገዢው አስተላለፈች።

ስለዚህ ልጄ፣ መልሴ ይህ ነው። መሣሪያው ነገ ርካሽ ሆኖ ቢመጣ እንኳ ለደህናው በርበሬ ተጨማሪ ጥበቃ ይሁን እንጂ፣ የሻገተውን ለመሸጥ ሰበብ አይሁን። እኔ ያን ጊዜ ብልጭታ ቢኖረኝ ኖሮ፣ «በማሽን አልፏል» ብዬ ያንኑ ጆንያ እሸጠው ነበር።

እናቶች ሆይ፣ ከተቻለ ዛላውን ግዙ፤ ጥቂቱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የሚረጩ ነጋዴዎች ስላሉ፣ ከረጠበ አትቀበሉ። ቤት ስታስቀምጡ በደንብ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። የሻገተውን ለላም አትስጡ፤ መርዙ በወተት ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባና አካባቢዋ ከተወሰዱት 110 የወተት ናሙናዎች መርዙ ያልተገኘበት አልነበረም።

ነጋዴ ወንድሞቼ፣ የሻገተውን እንጣለው። የአንድ ጆንያ ኪሳራ በዓመት ይረሳል።

እኚያን እናት ከጦርነቱ ወዲህ አላገኘኋቸውም። ይህ መጽሔት እጃቸው ከገባ፣ የጠየቁኝን ዛሬ እመልሳለሁ፤ እትዬ፣ ደህና አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።