ማርሽ አልገባ ሲል
በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ካምቢዮ ላይ ስለሚደረግ የብልሽት ፍለጋ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




ከእኔ አስቀድመው የተናገሩት ባልደረቦቻችን ስለ ግድብና ስለ ድልድይ ካስረዱን በኋላ፣ እኔ ስለ አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ካምቢዮ ለመናገር መነሣቴ ጥቂቶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ዳሩ ግን መኪና ከሚደርስበት መንገድ ማዶ የክትባት ሣጥን የሚያደርሰው፣ የእርሻ ባለሙያውንም ከቀበሌ ቀበሌ የሚያመላልሰው ይኸው ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያ ነው። እርሱ በቆመ ቀን አብሮት የሚቆመው ሥራ በሪፖርት ላይ በጉልህ አይጻፍም፤ ከመንገዱ ማዶ ሆነው የሚጠብቁት ሰዎች ግን ያውቁታል።

ለማስረዳት የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ማርሽ አልገባ ባለ ቁጥር ጥፋቱ ከካምቢዮው ሆድ ውስጥ ነው ብሎ መፍረድ ልማዳችን ሆኗል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ስሕተት ከመሆኑም በላይ፣ ያለ በቂ ማስረጃ የተከፈተ ሞተር ያልነበረበትን በሽታ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም፤ ከራሴ ጥፋት ተማርሁት እንጂ።

ንግግሬ እንዳይበተን በአንድ ሞተር ላይ እወሰናለሁ፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲ.ጂ. 125 ነው። የሆንዳ መሐንዲሶች ይህን ሞተር ሲነድፉ በታዳጊ አገሮች የሚደርስበትን አያያዝ፣ ማለትም ከልክ ያለፈ ጭነትንና የዘገየ ጥገናን፣ ከግምት አስገብተው ነበር። ስለዚህም ቫልቮቹ በመግፊያ ዘንግ የሚሠሩ፣ ቀላልና ታጋሽ ሞተር አወጡ። ከዚሁ ንድፍ የተወረሱ ሞተሮች በልዩ ልዩ ስም ዛሬም በብዙ አገር ይሠራሉ። ትዕግሥቱ ግን ወሰን አለው። አንድ ሊትር ገደማ የሚሆነው ዘይቱ ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን በአንድነት የሚያለሰልስ ስለሆነ፣ በዘይቱ ላይ የሚደረግ ቸልተኝነት ለሦስቱም ይተርፋል።

በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በእነርሱ ላይ ያሉት የማርሽ ጥንዶች ሁልጊዜ ጥርስ ለጥርስ እንደ ተያያዙ ናቸው፤ ማርሽ ስንቀይር ጥርሶቹን አናላቅቅም፣ አናገናኝምም። የምናንቀሳቅሰው በዘንጉ ላይ የሚንሸራተተውን ማርሽ ነው፤ በጎኑ የወጡት ጉጦች ከጎረቤቱ ማርሽ ጉጦች ወይም ቀዳዳዎች ጋር ሲቆላለፉ ኃይል ይተላለፋል። ተንሸራታቹን ማርሽ ሹካ ይገፋዋል፤ ሹካውን ጠመዝማዛ ቦይ የተቆፈረበት ከበሮ ይመራዋል፤ ከበሮውን ደግሞ ከእግር መርገጫው ጋር የተያያዘው ዘንግ በጫፉ ባለው መንጠቆ ያዞረዋል። ከበሮው በየማርሹ ቦታ ረግቶ እንዲቆም፣ በሞላ የሚገፋ ክንድ የኮከብ ቅርጽ ባለው ሳህን ጎድጓዶች ውስጥ እየገባ ይይዘዋል። እንግዲህ ከአሽከርካሪው እግር እስከ ጉጡ ድረስ ያለው መንገድ ረዥም ነው፤ ከመንገዱም የሚበዛው ሞተሩ ለሁለት ሳይከፈል ሊመረመር የሚችል ነው።

በ2009 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል በኃላፊነት እሠራ ነበር። ከተመረቅሁ ብዙ አልቆየሁም። ከወረዳ የመጣ አንድ የጤና ባለሙያ፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ያለፈውን ሲ.ጂ. 125 እየገፋ ገባና፣ «ሞተሩ እየሠራ ዜሮ ማርሽ አላገኝም፤ ሳጠፋው ግን ወዲያው ይገኛል» አለኝ። ልብ ብዬ አዳምጬው ቢሆን ኖሮ የበሽታውን ስም ራሱ በአፉ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን በሥራ ማዘዣው ላይ «የካምቢዮ ብልሽት፤ ሞተሩ ይከፈት» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም።

ሞተሩ ወርዶ ለሁለት ተከፈለ። ማርሾቹ ደኅና፣ ሹካዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ከበሮውም ጤነኛ ነበር። ጓርኒሲዮን እስኪገዛ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ የጤና ባለሙያውም በዚያ ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን በእግሩ፣ አንድ ቀን በበቅሎ ሥራውን ዞረ። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሣ በሽታው እንደ ነበረ ቆየን። በዚህን ጊዜ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒክ ቀረብ ብለው የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨበጡ፤ ዓይናቸውን ግን ከታች፣ ሽቦው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ አደረጉ። የሽቦው ሽፋን ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ፣ እጀታው በተጨበጠ ቁጥር ይሰምጥ ነበር። እጅ የሚሰጠውን ጉዞ ሽፋኑ ስለሚበላው ፍሪሲዮኑ በሙሉ አይለያይም። «ልጄ፣ ይኸ እኮ ሆዱን ሳይሆን እጁን ነው ያመመው» አሉኝ። አዲስ ሽቦ ገጠምን፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለጨዋታ ይበቃ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ግን ያው ባለሙያ ቁልቁለት ሲወርድ ሁለተኛው ማርሽ በድንገት ወጣበት። ሞተሩ ጎማውን መያዝ ስላቆመ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ሰውየውም ከመታጠፊያው ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሞተሩን እንደገና ስንከፍተው፣ ከሁለተኛው ማርሽ አጠገብ መቀመጥ የነበረበት ቀጭን የብረት ቀለበት ባለፈው ስንገጥም ከቦታው መቅረቱን አየን። ማርሹ በዘንጉ ላይ ያለ ልክ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ጉጦቹ በጫፋቸው ብቻ ይያዙ ነበር፤ በሁለት ወርም ውስጥ ጠርዛቸው ተሸራርፎ ዶልዱሞ ነበር። ይህ ጥፋት ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት አልነበረም። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው አልተቆጣኝም፤ «ኢንጂነር፣ እኔ እኮ ያጣሁት ዜሮ ማርሽ ብቻ ነበር» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የካምቢዮ ብልሽት ሲቀርብልኝ አራት በሮች ያሉበት ቤት አድርጌ አስበዋለሁ፤ አንዱን በር መርምሬ ሳልጨርስም ወደሚቀጥለው አልገባም።

የመጀመሪያው በር ከውጭ ያለው ነው። አስቀድሞ አሽከርካሪውን መጠየቅ ይገባል፤ የሚያስቸግረው ማርሽ ሁሉም ነው ወይስ አንዱ ብቻ? ሞተሩ ሲሠራ ነው ወይስ ሲጠፋም? ብልሽቱ የጀመረው ከመውደቅ በኋላ ነውን? ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ብስክሌቱን የኋላ ጎማው ከመሬት እንዲነሣ አድርጎ በማቆም፣ አንዱ ሰው ጎማውን በእጁ እያዞረ ሌላው ማርሾቹን ተራ በተራ ያስገባ። ጎማው ሳይዞር ማርሽ እምቢ ቢል ብልሽት አይደለም፤ ጉጥ ከጉጥ ጋር ፊት ለፊት ስለ ገጠመ ነው። ጎማው ሲዞር ሁሉም ማርሾች ከገቡ ግን ካምቢዮው ነጻ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ቀጥሎም የእግር መርገጫው ይታይ። ማጥበቂያ ቡሎኑ ከላላ ወይም መርገጫው በዘንጉ ላይ የሚቆናጠጥባቸው ጥርሶች ከተበሉ፣ እግር የሚሰጠው ጉዞ ለከበሮው ሳይደርስ ይቀራል። ከመውደቅ የተነሣ ታጥፎ የሞተሩን ሽፋን የሚነካ መርገጫም ማርሽ ተቀይሮ ሳያልቅ ይገታል። ጥርሱ ሲበላ መርገጫውን ከዘንጉ ጋር በብየዳ ማጣበቅ በየመንገዱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ የዘንጉን ዘይት መከላከያ ጎማ ያቃጥላል፣ በኋላም ሽፋኑን ለማውጣት ዘንጉን መቁረጥ ግድ ይሆናል። በዚሁ አጋጣሚ ካቴናው ከልክ በላይ አለመወጠሩ ይረጋገጥ።

ሁለተኛው በር ፍሪሲዮንና ዘይት ነው። የፍሪሲዮኑ እጀታ ጫፍ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነጻ ጉዞ ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ከበዛ ፍሪሲዮኑ በሙሉ አይለያይም፤ ከዚህ ካነሰ ደግሞ ያንሸራትታል። ሞተሩ ሲሠራ ዜሮ ማርሽ ጠፍቶ ሲጠፋ የሚገኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያልተለያየ ፍሪሲዮን ነው። ሽቦው ከላይ እስከ ታች፣ ሽፋኑም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈተሽ። የዘይቱ መጠንና ዓይነትም እንዲሁ። ያረጀና የወፈረ ዘይት የፍሪሲዮኑን ሳህኖች እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ለዘመናዊ መኪና ተብሎ የተዘጋጀ፣ መፋተግን የሚቀንስ ቅመም ያለበት ዘይት ደግሞ እንዲያንሸራትቱ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ጃሶ የተባለው የጃፓን የሞተር ብስክሌት ዘይት ደረጃ ይህን ለመለየት የሚረዳ ስለሆነ፣ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን «ኤም.ኤ.» የሚል ምልክት ያለበትን መግዛት ያሻል።

ሦስተኛው በር የቀኙ ሽፋን ነው። ዘይቱ ሲፈስ በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉት፤ ማግኔትም ይንከሩበት። እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ቅሪት የዕድሜ ምልክት ሲሆን፣ ስባሪ ብረት ግን የአራተኛው በር ጥሪ ነው። ሽፋኑ ሲወጣ ፍሪሲዮኑ ይገኛል። የሳህኖቹ ጆሮዎች የሚገቡባቸው የፍሪሲዮን ቤት ጣቶች ተቦርቡረው እንደሆነ፣ ሳህኖቹ በቦርቡሩ እየተያዙ አይለያዩም። የብረት ሳህኖቹን በመስተዋት ላይ አጋድሞ መጉበጥ አለመጉበጣቸውን ማየት ይቻላል። ፍሪሲዮኑ ከወጣ በኋላም የማርሽ መለወጫው አሠራር ይታያል። መርገጫው ወደ መካከል የማይመለስ ከሆነ የመመለሻው ሞላ ተሰብሯል ወይም ዘንጉ ጎብጧል። ማርሽ የሚዘል ወይም በሁለት ማርሾች መካከል የሚንሳፈፍ ከሆነ መንጠቆው፣ የኮከቡ ሳህን ቡሎን ወይም ከበሮውን የሚያረጋው ክንድና ሞላ ይመርመሩ። በዋጋ ከሁሉም የረከሰው ያ ትንሽ ሞላ ሲደክም አዋቂን ሳይቀር ያታልላል። ሽፋኑ ከወጣ አይቀር፣ በዚሁ በኩል የሚገኙትን በሽክርክሪት የሚሠራውን የዘይት ማጣሪያና ወንፊቱን ሳያጸዱ መዝጋት አይገባም።

አራተኛው በር ሞተሩን ለሁለት መክፈል ነው። ይህን በር የሚያስከፍቱት ምልክቶች ጥቂቶች ናቸው፤ አንድ ማርሽ ብቻ ጭነት ሲበዛበት እየወጣ ማስቸገሩ፣ በዘይቱ ውስጥ ስባሪ ብረት መገኘቱ፣ ወይም የኩሽኔታ ጩኸት። ጤነኛ ጉጦች ኃይል ሲያርፍባቸው እርስ በርስ እንዲሳሳቡ ወደ ውስጥ ዘንበል ተደርገው የተቆረጡ ናቸው፤ ጠርዛቸው ከዶለዶመ ያው ኃይል ይገፋፋቸዋል፣ ማርሹም ይወጣል። ስለሆነም ጉጥን በሞረድ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ የሚቆላለፉት ሁለቱ ማርሾች አብረው መለወጥ አለባቸው። ሹካውም መጉበጡና ጣቶቹ መበላታቸው ይታይ። እግሩን ሁልጊዜ በመርገጫው ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሰው ሹካውን ያለ ዕረፍት ከማርሹ ጋር ያፋትገዋልና ይህንንም መምከር የጥገናው ክፍል ነው። ከዘንጉ የሚወጣው ማርሽና ቀለበት ሁሉ በወጣበት ተራ በሽቦ ይሰካ፤ የማርሽ መያዣ ቀለበቶች በአዲስ ይተኩ። ሁለቱ የሞተር ግማሾች ከተገጣጠሙ በኋላ፣ ሌላው ዕቃ ሳይመለስ፣ ዘንጉን በእጅ እያዞሩ ማርሾቹን ሁሉ አስገብቶ ማውጣት ግዴታ ነው። እኔ ይህን ፈተና አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያ ማርሽ ያለ ልክ መላወሱን እጄ ይነግረኝ ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤
አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛ የተማርነው ሥሩ ሁልጊዜ ከጥልቅ ቦታ የሚገኝ እየመሰለን ከላይ ያለውን እንዘልላለን። ዲፕሎማ ያልያዙት ጋሼ ግን መጀመሪያ ዓይናቸውን ወደሚታየው አደረጉ። ያን ዕለት የጎደለኝ የማርሽ ስሌት ዕውቀት አልነበረም፤ የጎደለኝ ቅደም ተከተል ነበር።

ስለዚህ በየጥገና ክፍሉ ኃላፊነት ያላችሁ አባላት አንድ ገጽ ወረቀት እንድታዘጋጁ አሳስባለሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የአሽከርካሪው አቤቱታ በራሱ ቃል፣ ሳይታረም ይጻፍ። ከዚያ በታች አራቱ በሮች ይዘርዘሩ፤ በየአንዳንዱም አንጻር የተገኘው ነገርና የመረመረው ሰው ፊርማ ይስፈር። ሦስቱ በሮች ሳይፈረሙ አራተኛው አይከፈት። ይህ ወረቀት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በእርሱ ፈንታ የሚድነው ግን ሦስት ሳምንት ብቻ ሳይሆን የሰው ክንድም ሊሆን ይችላል። እኔ በ2009 ዓ.ም. የፈረምሁበት ማዘዣ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢቀድመው ኖሮ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ ባልኖረኝ ነበር።