ውጅግራ ኢላማውን ሲስት
እሷ፦ ዛሬ ስለ ውጅግራ ነው። ዓድዋ ላይ የተዋጋ ጠመንጃ ኢላማ የሚስተው ለምንድን ነው?

እሱ፦ እህቴ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጥይቱን ነው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የወረቀት ጥይት ይጎርስ የነበረውን ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ ለናስ ቀለህ አስተካክለው ውጅግራን ሠሩ፤ 11 ሚሊሜትር ነው። እኛ ጋ ግን ቀለህ አይጣልም፣ በአገር ባሩድና እርሳስ እንደገና ይሞላ ነበር። ለአንዱ ባሩድ በዝቶ ለሌላው ካነሰ እንዴት አንድ ቦታ ይመታል?

እሷ፦ ጠመንጃውን መወልወል ብቻ አይበቃማ!

እሱ፦ አይበቃም። ባሩዱ በሚዛን፣ እርሳሱ እኩል ክብደት ይሁን። ጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ስለሚተው አፈሙዙም በየመሃሉ ይጠረግ።

እሷ፦ በውጅግራ ዘመን ደግሞ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይዞር ነበር። ጥይት ማባከን ገንዘብ ማባከን ነበርና፣ አባቶቻችንን ጥንቁቅ ተኳሽ ያደረጋቸው ይህም ይመስለኛል።