ከጅቡ ገበታ እስከ ሕፃኑ ጡጦ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ለሕፃናት ተስማሚ ምግብ መምረጥና ማስጀመር» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ከአንድ የማውቀው ስፍራ እነሣለሁ፤ ይኸውም ከሐረር ጁገል በስተደቡብ ከሚታየው ከሐኪም ጋራ ነው። ስሙ እኛን ባለሙያዎችን የሚመለከት እንዳይመስላችሁ፤ ጋራው የሚጠራው ሕዝቡ በሚዘይራቸው ደግ ሰው በአው ሐኪም ስም ነው።

የሐረር ሰዎች እንደሚተርኩት፥ በአንድ ክፉ የረኃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት በጀመሩ ጊዜ ደጋግ አባቶች በዚህ ጋራ ላይ ተሰብስበው መከሩ። ምክራቸውም ለጅቦቹ ገንፎ ይሰጣቸው የሚል ሆነ። ከዚህ የተነሣ በዓሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅብ የማቅረብ ልማድ አለ፤ የመጪው ዓመት ዕድልም ጅቡ ገንፎውን እንደ አበላሉ ይገመታል። ይህን ትረካ ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በጋራው ግርጌ ቤት ለቤት ስዞር ለአውሬው የሚቀርበው ገንፎ ወፍራምና ቅቤ የጠገበ ሲሆን ለስምንት ወር ሕፃን የሚቀርበው ግን ነጭ ውሃ የመሰለ አጥሚት መሆኑን ስላየሁ ነው።

ያገኘኋት እናት በሸዋ በር ገበያ አትክልት ትሸጣለች። ለልጇ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማሽላ ዱቄት በግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ ቀቅላ በጡጦ አኑራለታለች፤ አጥሚቱ እንዲወርድለትም የጡጦውን ጫፍ በምላጭ አስፍታዋለች። ለምን እንዳቀጠነችው ብጠይቃት «ሲስተር፥ ከወፈረ ያንቀዋል» አለችኝ። ልጁ አያለቅስም፤ ሆዱ ሙሉ ነው፤ ክንዱ ግን በሁለት ጣቴ መካከል የሚገባ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። መቶ ግራም ደረቅ የእህል ዱቄት 350 ኪሎካሎሪ ያህል ይሰጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሃያ ግራም ቢሆን 70 ኪሎካሎሪ መሆኑ ነው። ጡት የሚጠባ የስምንት ወር ሕፃን ደግሞ ከጡት ወተት ሌላ በቀን 200 ኪሎካሎሪ ያህል ከምግብ ማግኘት አለበት። የሆዱ መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ግራም ያህል ስለሆነ፥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ብርጭቆ ብዙ የሚበልጥ አይችልም። እንግዲህ ይህ ልጅ ጡጦውን ሁለት ጊዜ ተግቶ ቢጨርሰው እንኳ ከሚያስፈልገው ግማሹን አያገኝም። ዱቄቱ ስድስት ማንኪያ ቢሆን፥ ያው ሁለት ብርጭቆ 210 ኪሎካሎሪ ይሆናል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ቢጨመርበት ሌላ 40 ያገኛል። ልዩነቱ በገንዘብ ሲታሰብ እጅግ ጥቂት ነው። ሕፃኑን የጎዳው ከድህነት ይልቅ ውሃው ነበር ብል አልሳሳትም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል። ለብዙ ዓመታት እናቶችን ሳስተምር «ወተት፥ እንቁላል፥ ሥጋ ስጡ» እል ነበር። ምክሩ ስሕተት አልነበረም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሥጋ፥ ዓሣ ወይም እንቁላል ለሕፃናት በየዕለቱ እንዲሰጥ ይመክራል። ነገር ግን አንዲት እናት «የነገርሽኝን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ከየት ላምጣው?» ብትለኝ መልስ አልነበረኝም። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች ተገቢውን ዝቅተኛ የአመጋገብ ደረጃ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ፥ የእኛ ትምህርት ከጓዳው ደጃፍ እንደ ቆመ ተረዳሁ።

ይህ እንግዲህ አዲስ ችግር አይደለም። በ1950ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት አመጋገብ ክፍል፥ ኋላም የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው፥ ከስንዴ፥ ከጥራጥሬና ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት «ፋፋ»ን አዘጋጅቶ ነበር። ስሙ «መፋፋት» ከሚለው ቃል የወጣ ስለሆነ ማንም እናት ያለ አስተርጓሚ ይገባታል። የፋፋ ዋና ትምህርት በፓኬቱ ውስጥ ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ እህልና ጥራጥሬ ሲደባለቁ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ሦስት እጅ ማሽላ ወይም በቆሎ ከአንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ ጋር ተቆልቶ ቢፈጭ ይህንኑ በቤት ማግኘት ይቻላል።

ሐረር በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት። የባቢሌ ለውዝ ስብም ፕሮቲንም አለው፤ ተቆልቶ ልም ሆኖ ከተፈጨ ገንፎውን ያበለጽጋል። ሙሉ ፍሬው ግን ለሕፃን ከቶ አይሰጥም፤ በእርግጥ የሚያንቀው እርሱ ነውና። ሌላም ጥንቃቄ አለ። በባቢሌ፥ በፈዲስና በጉርሱም በተሰበሰበ ለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ በጥናት ተገኝቷል። መርዙ በመቁላት ጨርሶ አይጠፋም። ስለዚህ የጨማደደውን፥ ቀለሙ የተለወጠውንና የመረረውን ለቅሞ መጣል ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ተለቅሞ የቀረው ብጥስጣሽ በርካሽ ሲሸጥ ለልጅ ገንፎ የሚገዛው ብዙ ጊዜ እርሱ መሆኑ ያሳዝነኛል። ከዚህ ሌላ ቢጫ ሥጋ ያለው ስኳር ድንች፥ ፓፓያና ማንጎ በየወቅቱ አሉ፤ እነዚህን በሹካ መዳመጥ ብቻ ይበቃል።

የወፈረው ገንፎ ለመዋጥ አስቸገረ የሚል ቢኖር መፍትሔው ውሃ አይደለም። አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ለብ ባለው ገንፎ ላይ ቢጨመር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያላላዋል፤ ከዚያ እንደገና ይፈላል። ምግቡ ሳይቀንስ ይቀጥናል ማለት ነው። አንዲት የሙስሊም ቤተሰብ አያት «ብቅል ለጠላ ነው» ብለው ተቆጡኝ። የበቀለ ገብስ እንጂ መጠጥ አለመሆኑን እስኪቀበሉ ድረስ ሁለት ጊዜ ቡና ጠጥተናል።

ስለ ጊዜው አጭር ልበል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1993 ዓ.ም. እንዳጸደቀው እስከ ስድስት ወር የጡት ወተት ብቻ ይበቃል፤ ቅቤ ማስዋጥ፥ የስኳር ውሃና የአብሽ ውሃ አያስፈልጉም። ስድስት ወር ሲሞላ ግን መዘግየት የለበትም፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። በጾም ወራት ደግሞ ዕቃ ይነካካል በሚል ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት የሚያስቀሩ ቤቶች አሉ፤ ለልጁ የተለየች አንዲት ድስትና ማንኪያ ብናስገዛ ክርክሩ ያበቃል።

የጡጦው ነገር ከውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ሐረር ትጠጣበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ ወዲህ የከተማዋ ውሃ ከድሬ ዳዋ በኩል ከሩቅ ጉድጓድ ይመጣል፤ በየቤቱም በጀሪካን ይጠራቀማል። በእንዲህ ያለ ውሃ ጡጦን በሚገባ ማጠብ የሚሆን አይደለም፤ ሲኒና ማንኪያ ግን ይታጠባል። ወተቱም የላም ሆነ የግመል ሳይፈላ አይሰጥ።

ወደዚያች እናት ቤት ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ገንፎው ከማንኪያው ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሆኖ አገኘሁት። ጡጦውን ግን አልጣለችውም፤ ጨው ትይዝበታለች። እርሷ ገበያ ነበረች። ሕፃኑን ታበላ የነበረችው የዘጠኝ ዓመት እኅቱ ናት፤ ስትቸኩል አፉ ሳይጨርስ ሌላ ትጨምርበታለች። ለሁለት ወር ያህል ያስተማርኳት እናቲቱን ነበር። ያን ቀን ከልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ማንኪያውን እንዴት ይዛ እንደምትጠብቀው አብረን ስንለማመድ ዋልን።