የእጅ ባትሪን ባለ ሦስት ደረጃ ብርሃን ስለ ማድረግ
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ታላላቅ ግድቦችና ስለ ፋብሪካዎች አይደለም፤ በየቤታችን ከትራስጌ ስለማትለየው ስለ እጅ ባትሪ ነው። ነገሩ አነስተኛ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዛሬ ጭሮ ከምትባለው ከአሰበ ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ገለምሶና ወደ መቻራ፣ ወደ ዶባና ወደ ቦኬ ገጠሮች ለሥራ የሚላክ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ፣ የጤና ባለሙያም ይሁን የግብርና፣ መምህርም ይሁን ዳኛ፣ በሌሊት መንገድ ላይ ድንጋዩ ያለቀበት ባትሪ ከባዶ ቆርቆሮ እንደማይሻል ያውቃል። በጨርጨር ተራሮች መካከል ጨረቃ ያልወጣችበት ሌሊት ጨለማው ጽኑ ነው፤ ገደሉ ቅርብ፣ ጅቡም ሩቅ ያልሆነበት አገር ነው።

የአብዛኞቹ ባትሪዎች ጉድለት አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ መስጠታቸው ነው። ወይ ቦግ ይላሉ፣ ወይ ይጠፋሉ። ለመንገድ የታሰበው ያ ሁሉ ብርሃን ግን መብራት በጠፋበት ሌሊት የተኛ ሕፃን ለማየት፣ ክብሪት ለመፈለግ ወይም አንድ ደብዳቤ ለማንበብ ሲውል ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ዓይንን ያጥበረብራል፣ የተኛውን ይቀሰቅሳል፣ ድንጋዩንም በከንቱ ይጨርሳል። በማማ ላይ ሆኖ ማሽላውን ከከርከሮ የሚጠብቀውን ገበሬ እንመልከት። እርሱ ብርቱ ብርሃን የሚያስፈልገው ሌሊቱን ሙሉ አይደለም፤ ኮሽታ በሰማባት ቅጽበት ብቻ ነው። የቀረውን ሰዓት እግሩ የሚረግጥበትን ቢያይ ይበቃዋል።

እንግዲህ ባትሪውን በቤት ውስጥ ጥቂት በመለወጥ ብርሃኑን በሦስት ደረጃ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን የባትሪያችን ዓይነት የትኛው እንደ ሆነ መለየት አለብን፤ ለአንዱ ትርፍ የሚሆነው ለሌላው ኪሳራ ነውና።

በውስጡ ቀጭን ሽቦ ያለበት የቀድሞው አምፖል የሚያበራው ሽቦው እንደ ፍም ሲግል ነው። ሽቦው ጥቂት ከበረደ ብርሃኑ በብዙ ይወድቃል። በምሳሌ ለማስረዳት፣ አምፖሉ የሚያገኘውን ቮልት በግማሽ ብንቀንስበት ብርሃኑ ከ10 አንድ እጅ ገደማ ሆኖ ይቀራል፤ ከድንጋዩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ግን የሚቀንሰው በሲሶ ያህል ብቻ ነው። ብርሃኑን ከሞላ ጎደል አጥተን ድንጋዩን በጥቂቱ ብቻ አተረፍን ማለት ነው። የቀረውም ብርሃን እንደ ደከመ ፍም የቀላ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ አምፖል ያለው ባትሪ በእጁ የሚገኝ አድማጭ ባትሪውን ሳይነካ እንዲተወው እመክረዋለሁ።

ኤል ኢ ዲ የሚባለው የዛሬው መብራት ጠባዩ ሌላ ነው። ነጩ ኤል ኢ ዲ የተገኘው ሰማያዊው ከተሠራ በኋላ ሲሆን፣ ሰማያዊውን የሠሩት ሦስት ሊቃውንት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ኤል ኢ ዲ የሚያበራው በመጋል አይደለም። በውስጡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ወደ አምስተኛው እጅ ብናወርደው ብርሃኑም ወደ አምስተኛው እጅ ገደማ ይወርዳል፤ እንዲያውም ስለሚበርድለት ጥቂት ይሻላል እንጂ አያንስም። መልኩም ነጭ እንደ ሆነ ይቈያል። ከብርሃኑ የቀነስነው ያህል በድንጋዩ ዕድሜ ይመለስልናል። በአምፖሉ ዘመን ከንቱ የነበረው ሥራ በኤል ኢ ዲ ዘመን ዋጋ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የዓይናችን ጠባይ ይረዳናል። ዓይን ብርሃንን እንደ ነጋዴ ሚዛን በእኩል አይመዝንም፤ ብርሃኑ ወደ አምስተኛው እጅ ሲወርድ ዓይን የሚሰማው ቅናሽ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ጨለማውን ከለመደ በኋላማ ጥቂቱ ብርሃን ይበቃዋል። ከዚህም የተነሣ ደረጃዎቹን ስናወጣ በመቀነስ ሳይሆን በማካፈል ልናወጣቸው ይገባል። ሙሉው ብርሃን 0.5 አምፔር የሚጠጣ ቢሆን፣ መካከለኛው 0.1፣ ትንሹ ደግሞ 0.02 ይሁን፤ እያንዳንዱ የፊተኛው አምስተኛ ነው። ይህን ሳያስቡ 0.5፣ 0.4፣ 0.3 እያሉ ያወጡ እንደ ሆነ ሦስቱም ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ድካሙም በከንቱ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የምናገረው ሦስት ድንጋይ ስለሚይዝና አንድ ትልቅ ኤል ኢ ዲ ስላለው የተለመደ ባትሪ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነውና ሦስቱ 4.5 ይሆናሉ። ነጩ ኤል ኢ ዲ የሚፈልገው 3 ቮልት ገደማ ነው። የሚተርፈውን 1.5 ቮልት የሚይዝልን ሬዚስተር የሚባለው ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። 1.5 ለ0.1 ሲካፈል 15 ይሆናል፤ ስለዚህ ለመካከለኛው ብርሃን የ15 ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋል። በዚሁ ሒሳብ ለትንሹ 75 ኦም ይወጣል፤ በቀላሉ የሚገኘው 68 ኦም ግን ይበቃል፣ ልዩነቱን ዓይን አያየውም። ሬዚስተሮች የሚታወቁት በላያቸው በተቀባው የቀለም ቀለበት ነው። 15 ኦም ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፤ 68 ኦም ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቁር ነው፤ ወርቃማ ቀለበት በመጨረሻ ይከተላል። ከተበላሸ ራዲዮ ውስጥ ነቅሎ ለማውጣት ወይም ከራዲዮ ጠጋኝ ለመግዛት ይቻላል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ሁለት ትንንሽ ማብሪያ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቀጭን ሽቦና ናስትሮ ነው።

የባትሪው ዋና ማብሪያ ሲፈታ ከሥሩ ሁለት የብረት ምላሶች ይታያሉ። ሲበራ ይገናኛሉ፣ ሲጠፋ ይለያያሉ። እኛ የምናደርገው በእነዚህ በሁለቱ ምላሶች መካከል ሌላ ጠባብ መንገድ መክፈት ነው። ከአንደኛው ምላስ ሽቦ ይወጣል፤ በትንሹ ማብሪያ ያልፋል፤ በ15 ኦሙ ሬዚስተር ያልፋል፤ ወደ ሁለተኛው ምላስ ይመለሳል። ሁለተኛው ትንሽ ማብሪያም እንዲሁ በ68 ኦሙ በኩል ይቀጠላል። ዋናው በር ተዘግቶ ሳለ ሰው በጓሮ በር እንደሚገባ፣ ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ ሳለ ኤሌክትሪኩ በሬዚስተሩ በኩል ጥቂት ጥቂት እያለ ያልፋል። ዋናው ሲበራ ግን ሙሉው ኀይል በሰፊው በር ስለሚሄድ ባትሪው እንደ ቀድሞው ቦግ ይላል። የዚህ አቀጣጠል ጥቅሙ የባትሪው የቀድሞ አሠራር አለመነካቱ ነው፤ ቢያስጠላን ሁለቱን ሽቦ ቈርጦ መጣል ነው።

መበየድ የማያውቅ ሰው ይህን ለራዲዮ ጠጋኝ ቢሰጥ አያፍርም። በናስትሮ ብቻ የተጠመጠመ ሽቦ በሂርና መንገድ በመኪና ሲንገጫገጭ ውሎ ሌሊት ላይ ይከዳል። ብየዳው ካለቀ በኋላ ባዶ ሽቦ የባትሪውን የብረት ገላ እንዳይነካ በናስትሮ መሸፈን ነው።

አንድ ድንጋይ 4 አምፔር ሰዓት የሚሰጥ ነው ብለን ብናስብ፣ ሙሉው ብርሃን 8 ሰዓት፣ መካከለኛው 40፣ ትንሹ 200 ሰዓት ያበራል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ርካሹ ድንጋይ በኀይል ሲታለብ ከዚህ ያነሰ ይሰጣል፤ በዝግታ ሲታለብ ግን ቃሉን ይጠብቃል። ስለዚህ ልዩነቱ ከወረቀቱም የሰፋ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ የደከመ ድንጋይ ነገር ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሞተ ድንጋይ ሰብረን ጥቁሩን ዱቄት ከቅጠል ጋር እየወቀጥን የትምህርት ቤት ሰሌዳ አጥቍረንበታል፤ ወላጆቻችንም ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተው አንድ ሌሊት ያተርፉበት ነበር። የሙቀቱ ጥቅም ለጊዜው ነው፤ በውስጡ ያለውን ሥራ ያነቃቃዋል እንጂ ያለቀውን አይመልስም። ነገር ግን ሞተ የምንለው ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ብርሃን መሸከም አቃተው እንጂ ባዶ አልሆነም። ሦስቱ ድንጋዮች ወደ 3.3 ቮልት ወርደው ዋናው ማብሪያ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ በሚሰጥበት ጊዜ፣ በ68 ኦሙ መንገድ የምትወጣው ጭላንጭል ለብዙ ሌሊት ጓዳ ለጓዳ ታመላልሳለች። ሱቅ በሌለበት ቀበሌ ለሰነበተ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ወይም ሁለት ድንጋይ ብቻ ይዞ ነጭ ኤል ኢ ዲ የሚያበራ ባትሪ ግን ለዚህ ሥራ አይመችም፤ በውስጡ ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ስላለ የሬዚስተሩ ሒሳብ ይፋለሳል። ከፋብሪካ ባለ ብዙ ደረጃ ሆነው የሚመጡትም አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ብርሃኑን የሚቀንሱት ዓይን በማይለየው ፍጥነት እያበሩና እያጠፉ ነው። ጣትን በፊታቸው ቶሎ ቶሎ ቢያወዛውዙ አንዱ ጣት ብዙ ሆኖ ይታያል።

አሁን የምናገረውን ግን በጥሞና እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። ሶኬት ላይ ተሰክተው ቻርጅ የሚደረጉ ርካሽ ባትሪዎች በየሱቁ ሞልተዋል። ብዙዎቹ 220 ቮልቱን የሚቀንሱት በትራንስፎርመር ሳይሆን ካፓሲተር በሚባል አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ ተሰክተው ሳሉ በውስጣቸው ያለው ሽቦና ብረት ሁሉ ከሶኬቱ ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ባለው ባትሪ ላይ የብረት ዘንግ ያለው ማብሪያ ያስገባ ሰው፣ ቻርጅ በሚደረግበት ሰዓት ለልጁ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በእጁ አስያዘው ማለት ነው። ላስቲክ የለበሰ ስለ ሆነ አይነካንም አይባልም፤ ላስቲኩን የበሳነው እኛው ነንና። እነዚህን ባትሪዎች ተሰክተው ሳሉ መክፈት ፈጽሞ አይገባም፤ ከተነቀሉም በኋላ ካፓሲተሩ ጥቂት ጊዜ ኤሌክትሪክ ሊያቈይ ይችላል። የእኔ ምክር ለዚህ ሥራ ድንጋይ የሚጐርሰውን ባትሪ ብቻ መምረጥ ነው። ሊቲየም ያለባቸውንም ከዚሁ ጋር እቈጥራቸዋለሁ፤ ሽቦ ተሳስቶ ቢገናኝ ድንጋዩ ዝም ብሎ ይሞታል፣ ሊቲየሙ ግን እሳት ያነሣል።

ድንጋይ ገዝተው የሚያስቀምጡ አድማጮች በተለይ ሚኤሶንና አሰቦትን በመሰለ ቆላ የሚኖሩ ከሆነ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ካለ መደርደሪያ ይልቅ ወለል አጠገብ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ቢያኖሩት ይሻላል፤ ሙቀት ሳይሠራበት ያደክመዋልና። ባትሪው ለወራት የማይነካ ከሆነም ድንጋዩን አውጥቶ ለብቻው ማስቀመጥ ነው፤ ያለዚያ ውኃው ፈስሶ አሁን የበየድነውን ምላስ ይበላዋል።