ከጅዳ የሚላክ ላፕቶፕ

ወንድ፦ ጅዳ፣ ሻሪዕ ፍልስጢን ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ አገር ቤት የሚልክ ወገን አለን። ማይክሮሶፍት ደግሞ ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሠሩበትን የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል።

ሴት፦ ታዲያ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ለምን ይጣላል? ሊኑክስ ይጫንበት፤ ነፃ ነው!

ወንድ፦ በሲዲ ነው በፍላሽ?

ሴት፦ በፍላሽ። ድሮ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ይገባ ነበር፤ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. አዘጋጆቹ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልኩ ነበር። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ፋይል ግን ወደ 6 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ተራው ዲቪዲ አይችለውም። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል።

ወንድ፦ ብዙው ሰው ግን ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጎ «አልነሳ አለኝ» ይላል፣ እህቴ።

ሴት፦ ኮፒ አይበቃማ! በሩፈስ ወይም በኤቸር ፕሮግራም ፍላሹ ላይ መጻፍ አለበት፤ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ የሚነሳው ያኔ ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የልጆች ፎቶ ካለ አስቀድሞ ይውጣ። ከዚያ ላፕቶፑን እያበሩ ኤፍ12 መጫን ነው፤ እንደ ማሽኑ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ሊሆን ይችላል።

ወንድ፦ መካ ሆኖ ወሎ ላለች እህቱ የሚልክስ?

ሴት፦ ሳይጭን በፊት ከፍላሹ አስነስቶ ዋይፋዩንና ድምፁን ይሞክር። ሲጭነውም አማርኛ ኪቦርዱን አብሮ ይጨምርላት፤ ደሴ ላይ ኢንተርኔት ፍለጋ እንዳትንከራተት።